ምርጫና ዋጋው፦ የልቦለድ ገጸ ባሕርይ አሳሳልና የለውጥ ጉዞ

አንባቢ አንድ ልቦለድ ካነበበ ከዓመታት በኋላ የታሪኩን ቅደም ተከተል ሊረሳ፣ የቦታዎቹን ስም ሊያምታታ፣ ደራሲው ብዙ የደከመበትን የመልክዓ ምድር ገለጻ ከነጭራሹ ሊዘነጋ ይችላል፤ በአእምሮው የሚቀሩት በአብዛኛው ሰዎቹ ናቸው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከታተመበት ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ አሥርተ ዓመታት ቢያልፉም ስለ በዛብህ፣ ስለ ሰብለ ወንጌል፣ ስለ ፊታውራሪ መሸሻና ስለ ጉዱ ካሣ እንደ ዘመድ ወይም እንደ ጎረቤት የሚያወሩ፣ የሚያዝኑላቸውና የሚፈርዱባቸው አንባቢዎች ዛሬም ጥቂት አይደሉም፤ መጽሐፉን ገልጠው ያላዩትም ቢሆኑ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ከሰሙ እነዚህን ሰዎች ያውቋቸዋል። ተወልደው የማያውቁ ሰዎች ይህን ያህል ዕድሜ የሚያገኙት በምን ዓይነት ጥበብ እንደሆነ መመርመር ለጀማሪ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን በማስተዋል ማንበብ ለሚወድ ሁሉ ይጠቅማል።

ገጸ ባሕርይ ማለት ደራሲው በልቦለድ፣ በተውኔት ወይም በሌላ የፈጠራ ትረካ ውስጥ የሚያስብ፣ የሚናገርና ድርጊት የሚፈጽም አድርጎ የሚፈጥረው አካል ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰው ቢሆንም በተረት እንደሚታየው እንስሳ፣ አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ባሳተመው «አልወለድም» እንደሚታየው ደግሞ ወደዚህ ዓለም መምጣትን እምቢ የሚል ፅንስ ሊሆን ይችላል። የገጸ ባሕርይ የለውጥ ጉዞ የሚባለው ደግሞ ገጸ ባሕርዩ ከታሪኩ መነሻ እስከ መድረሻው ድረስ በእምነቱ፣ በአቋሙ ወይም ራሱን በሚያይበት ዓይን ላይ የሚደርስበት ለውጥ፣ አንዳንዴም አልለወጥም ብሎ በመጽናቱ የሚገጥመው ዕጣ ነው። የአማርኛ ልቦለድ ከመቶ ዓመት በላይ የተጓዘበት መንገድ በዚህ ረገድ ሲታይ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ ይኸውም አንባቢን የሚይዙት ገጸ ባሕርያት በሁለት የማይታረቁ ግዴታዎች መካከል ቆመው ለመምረጥ የተገደዱና ለምርጫቸው ዋጋ የከፈሉ መሆናቸው ነው። መልካቸውና ጠባያቸው በብዙ ቃላት መገለጹ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ከአርአያነት ወደ ሰውነት

የአማርኛ ልቦለድ ሲጀመር ባዶ ሜዳ ላይ አልተጀመረም። ከፊቱ የቅዱሳን ገድል፣ የነገሥታት ዜና መዋዕልና የቃል ተረት ነበሩ፤ ሦስቱም ሰውን የሚያሳዩት ለትምህርት፣ ለመታሰቢያ ወይም ለምክር እንዲሆን አድርገው ነው። ጻድቁ ከልጅነቱ ጀምሮ ጻድቅ ነው፤ ንጉሡ የሚታየው በዘመቻውና በሥራው ነው፤ ቀበሮ ሁልጊዜ ብልጥ፣ ጅብ ሁልጊዜ ሆዳም ነው። እንዲህ ያለው አሳሳል የራሱ ውበትና ዓላማ ቢኖረውም የሰውን የውስጥ ጥርጣሬና መዋዠቅ ለማሳየት ብዙም ቦታ አይሰጥም።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ተብሎ የሚታወቀው፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙትና በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የተለመደው «ልብ ወለድ ታሪክ» ከዚህ ውርስ ጋር የተያያዘ ነው። ዋሕድና እኅቱ ጦቢያ መልከ መልካሞች፣ ታማኞችና ለወላጅ ታዛዦች ናቸው፤ ዋሕድ አባቱን ከምርኮ ያስለቀቀውን ነጋዴ ውለታ ለመክፈል ይወጣል፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ትሰደዳለች፣ መከራ ይፈራረቅባቸዋል፣ በመጨረሻም መልካምነታቸው ያሸንፋል። መከራው ማንነታቸውን ይፈትነዋል እንጂ አይለውጠውም፤ አንባቢም የሚጠይቀው ምን ዓይነት ሰዎች ይሆናሉ ብሎ ሳይሆን ከዚህ ጭንቅ እንዴት ይወጣሉ ብሎ ነው።

ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ደግሞ ገጸ ባሕርዩ የሐሳብ ተሸካሚ ሆኖ ይመጣል። አወቀ የተባለው ወጣት በፓሪስ ተምሮ ሲመለስ የሠርግንና የተዝካርን ከልክ ያለፈ ወጪ፣ ሌሎችንም ልማዶች ይቃወማል፤ ከዘመዶቹና ከአካባቢው ሰዎች ጋርም ይጋጫል። ግጭቱ እውነተኛና ለዘመኑ ደፋር ነው፤ ነገር ግን አወቀ የሚያምንበትን ነገር ራሱ እምብዛም ስለማይጠራጠር ትግሉ በአብዛኛው ከእሱ ውጭ ባለው ዓለም ላይ ይካሄዳል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው ስለ ልቦለድ በሚያወሳ መጽሐፉ ገጸ ባሕርያትን በሁለት ከፍሏቸዋል፤ በአንድ ሐሳብ ወይም ጠባይ ዙሪያ የሚሠሩትን ዝርግ፣ ብዙ ገጽታ ኖሯቸው አንባቢን በሚያሳምን መንገድ ማስገረም የሚችሉትን ደግሞ ክብ ብሏቸዋል። ይህ አከፋፈል ዝርግ ገጸ ባሕርይን ለመናቅ የተደረገ አልነበረም፤ በአንድ ልቦለድ ውስጥ ሁሉም ሰው ክብ ይሁን ቢባል አንባቢ ማንን እንደሚከተል ይጠፋዋል፣ ደራሲውም ታሪኩን ወደፊት ማራመድ ይቸግረዋል። በሁለቱ ቀደምት ሥራዎችና ከእነሱ በኋላ በመጡት መካከል ያለው ልዩነት ታሪኩን የሚሸከመው ዋና ገጸ ባሕርይ ከየትኛው ወገን ነው በሚለው ላይ ያርፋል። ታደሰ ሊበን በ1949 ዓ.ም. «መስከረም»ን፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ «ሌላው መንገድ»ን ይዞ ሲመጣ፣ በአጭር ልቦለድ መልክ የከተማ ሰው የዕለት ተዕለት ኑሮና የውስጥ ስሜት ለትረካ የሚበቃ ጉዳይ መሆኑ ታየ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታትም የአማርኛ ልቦለድ ዋና ሰው እየተወሳሰበ ሄደ።

ፍላጎት፣ ማሰሪያና ግጭት

አሳማኝ ገጸ ባሕርይ የሚታነጽባቸው ሦስት መሠረቶች አሉ። የመጀመሪያው ፍላጎት ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ሊያገኘው፣ ሊጠብቀው ወይም ሊያመልጠው የሚሻው የታወቀ ነገር ሊኖር ይገባል። ሁለተኛው ማሰሪያ ሊባል የሚችለው ነው፤ ይኸውም ፍላጎቱን እንዳይከተል የሚይዘው የውስጥ እምነት፣ ፍርሃት፣ ቃል ኪዳን ወይም ኩራት ነው። ሦስተኛው ግጭት ሲሆን ፍላጎትና ማሰሪያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊጠበቁ የማይችሉበትን ሁኔታ የሚፈጥር የታሪኩ ክንውን ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ማየት አያስቸግርም፤ ፍላጎት የሌለው ሰው አይንቀሳቀስም፣ ማሰሪያ የሌለው ያሰበውን በቀላሉ ያገኛል፣ ግጭት የማያገኘው ደግሞ እስከ መጨረሻው ድረስ ሊመርጥ አይገደድም።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ሦስቱን እንዴት እንዳዋሐደ ማየት ትምህርት ይሰጣል። በዛብህን ወላጆቹ በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር ሰጥተውታል፤ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ስለት ተስለውበታል። ስለቱን የተሳለው እሱ አይደለም፤ ሆኖም ያደገበትና የተማረበት ዓለም ሁሉ ይህን ስለት እንደ ሕይወቱ መሠረት ስለሚቆጥረው ማሰሪያው ከውጭ የተጫነበት ብቻ ሳይሆን ከኅሊናው ጋር የተሰፋ ሆኗል። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት በመምህርነት ገብቶ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ከአባቷ በፊት የሚፋለመው ከራሱ ጋር ነው። ፍቅሩ ከባድ የሚሆነውም ልጅቷ የትልቅ ሰው ልጅ ስለሆነች ብቻ ሳይሆን መውደዱ በራሱ ከኅሊናው ጋር ስለሚያጣላው ነው።

የፊታውራሪ መሸሻ አሳሳል ሌላ ጥበብ ያሳያል። የእሳቸው ፍላጎት የዘራቸውን ክብር ማስጠበቅ ነው፤ ለልጃቸው የሚመጣው ባል ሁሉ በትውልድ አይመጥንም እየተባለ ይመለሳል። የደራሲው ብልሃት ይህን ኩራት ገልጾ አለመተዉ ነው፤ ኩራቱ ራሱ የታሪኩ ሞተር ይሆናል። ባሎች ስለተመለሱ ሰብለ ወንጌል በአባቷ ቤት ትቆያለች፤ በቤት ስለቆየች መምህር ይመጣላታል፤ መምህሩ ስለመጣ አባትየው ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ነገር ይደርሳል። ይኸው ኩራት ከገበሬዎቻቸው ጋር ያጋጫቸዋል፤ እምቢታቸውን በጦር ለመስበር ዘምተው ራሳቸው ይማረካሉ። እዚህ ላይ ሴራ፣ ማለትም በምክንያትና ውጤት የተሳሰረው የድርጊቶች ሰንሰለት፣ ከገጸ ባሕርዩ ጠባይ የሚፈልቅ እንጂ ደራሲው ከላይ የሚጥልበት አይደለም። አንባቢም በፊታውራሪው ላይ የደረሰውን ሲያነብ የሰውየው ጠባይ ወዴት እንደሚወስዳቸው አስቀድሞ ሲያይ ስለቆየ ውጤቱ አያስደንቀውም፤ የሚያሳዝነውም ስለሚያውቀው ነው።

የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ቅኔና ስለ ተውኔት በጻፈው ድርሳኑ ስለ አሳዛኝ ተውኔት ሲያስረዳ፣ አንባቢን ወይም ተመልካችን ይበልጥ የሚነካው ፈጽሞ ክፉ ያልሆነ፣ ፈጽሞም ደግ ያልሆነ፣ ነገር ግን በራሱ ስሕተት ከፍ ካለ ቦታ የሚወድቅ ሰው ታሪክ መሆኑን አመልክቷል። ሐዲስ ዓለማየሁ በዚህ መመሪያ ጽፈዋል ማለት አያስፈልግም፤ ሆኖም ፊታውራሪ መሸሻ አንባቢ የሚስቅባቸው፣ የሚቆጣቸውና በመጨረሻም የሚያዝንላቸው ሰው መሆናቸው ይኸው ጥንታዊ አስተያየት ታሪኩ በሚፈጸምበት በጎጃም ምድርም እንደሚሠራ ያሳያል።

የለውጥ ጉዞ ሦስት መልኮች

የገጸ ባሕርይ ጉዞ ሁልጊዜ ከመጥፎ ወደ መልካም የሚያመራ ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። ቢያንስ ሦስት መልኮች ሊለዩ ይችላሉ። አንደኛው ወደ ራስ መድረስ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ የታሰረበትን እምነት ጥሎ የራሱን ምርጫ ያደርጋል። ሰብለ ወንጌል የዚህ ምሳሌ ናት፤ በመጽሐፉ መጀመሪያ ስለ ዕድሏ ሌሎች የሚወስኑላትና በግቢ የምትጠበቅ የባላባት ልጅ ስትሆን፣ ወደ መጨረሻው በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ የምትወደውን ሰው ፍለጋ በእግሯ የምትሄድ ሴት ሆናለች። የጉዞው ርዝመት የሚለካው በተጓዘችው መንገድ ሳይሆን ትታው በወጣችው ክብርና ደኅንነት ነው፤ ከወጣች በኋላም ደራሲው በደስታ አልካሳትም።

ሁለተኛው መልክ እምነት የሚፈርስበት ጉዞ ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው «ኦሮማይ» ዋናው ገጸ ባሕርይ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም የቀይ ኮከብ ዘመቻ ተብሎ ለሚታወቀው የመንግሥት እንቅስቃሴ ወደ አሥመራ ይላካል። ሲሄድ በአዲስ አበባ እጮኛ፣ በእጁ ደግሞ የሚያምንበት ሥራ አለው፤ በአሥመራ ፊያሜታ ጊላይ ከተባለችው ሴት ጋር ፍቅር ይይዘዋል፤ በኤርትራ የሚካሄደውን ጦርነት በቅርብ ባየ መጠንም ለሕዝብ የሚያሠራጨው ቃልና ዓይኑ የሚያየው እየተራራቁ ይሄዳሉ። የፍቅሩና የፖለቲካው ታሪክ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ታሪኮች አይደሉም፤ በሁለቱም ሰውየው ቀድሞ ከገባው ቃል ጋር እየተጣላ ነው። ደራሲው ራሱ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ የሠራ ስለነበር የሚጽፈውን ዓለም ከውስጥ ያውቀው ነበር፤ መጽሐፉ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደርጎ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከወጣበት ሳይመለስ ቀረ። አንድ ገጸ ባሕርይ በእምነቱ ላይ የሚያነሣው ጥያቄ ከወረቀት አልፎ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ይህ ታሪክ ይመሰክራል።

ሦስተኛው መልክ የጽናት ጉዞ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ሳይለወጥ በዙሪያው ያሉት ይለወጣሉ ወይም ይፈርሳሉ። ጉዱ ካሣ የሚል ቅጽል የተሰጠው ካሣ ዳምጤ የባላባቱ ወገን ሆኖ ሳለ የባላባቱን ሥርዓት የሚተች ሰው ነው፤ አቋሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይናወጥም። እንዲህ ያለው ገጸ ባሕርይ በቀላሉ የደራሲው አፈ ቀላጤ ሊሆን ይችላል። ጉዱ ካሣን ከዚህ አደጋ የሚያድነው እውነቱን መናገሩ ከወገኖቹ እየለየ እንደ እብድ እንዲቆጠር ማድረጉ ነው፤ ብልህነቱና ብቸኝነቱ ተነጣጥለው አይታዩም። በ«አዲስ ዓለም» ያለው አወቀም የዚሁ መልክ ቀደምት ነው። ሁለቱን ስናነጻጽር ሐሳብ ተሸካሚ የሆነ ገጸ ባሕርይ ሰው የሚሆነው ሐሳቡ ምን እንዳሳጣው በግልጽ ሲታይ መሆኑን እንረዳለን።

ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው «አደፍርስ» ይህንኑ ጥያቄ ከሌላ ማዕዘን አንሥቶታል። አደፍርስ ለአገልግሎት ወደ ገጠር የወጣ፣ ስለ ለውጥ ብዙ የሚናገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ደራሲው ግን በዙሪያው ያሉትን የባላገር ሰዎች ዝም ብለው እንዲሰሙት አላደረገም። ባላባቷም፣ ባላገሩም፣ ወጣቱም የራሳቸው አመክንዮና የራሳቸው አንደበት ስላላቸው የአደፍርስ ንግግር በየቦታው ይመዘናል፤ አንባቢም ማን ልክ እንደሆነ ራሱ እንዲፈርድ ይተዋል።

አነጋገር እንደ መስተዋት

ገጸ ባሕርይን ለማሳየት ከድርጊት ቀጥሎ ኃይል ያለው መሣሪያ ምልልስ ነው፤ ምልልስ ማለት ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርስ የሚለዋወጡት ንግግር ነው። የአማርኛ ደራሲ በዚህ ረገድ የቋንቋው ባሕርይ ያዘጋጀለት ሀብት አለው። ሰው ሰውን አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ ወይም እርስዎ ብሎ ሲጠራ ዕድሜን፣ ማዕረግን፣ ቅርበትንና ቅያሜን በአንድ ጊዜ ይናገራል። ለዓመታት እርስዎ ስትባል የኖረች አማት በምራቷ አንድ ቀን አንቺ ብትባል፣ ወይም ሁለት የልብ ወዳጆች ከጠብ በኋላ እርስዎ መባባል ቢጀምሩ፣ ደራሲው ስለ ግንኙነታቸው አንድ አንቀጽ ማብራሪያ መጻፍ አያስፈልገውም። ጀማሪ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ይህን ዕድል ያባክኑታል፤ ሁሉም ሰዎቻቸው በአንድ የጋዜጣ ቋንቋ ይናገራሉ፣ የገበያ ነጋዴዋና የፍርድ ቤቱ ዳኛ በአነጋገር አይለዩም።

ሌላው ሀብት በሰምና ወርቅ የሠለጠነው የነገር አነጋገር ነው። ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ሲቆጣ ቁጣውን በምርቃት ሊሸፍን፣ እናት ልመናዋን በሌላ ሰው ታሪክ ልታስተላልፍ፣ ባለ ዕዳ የማይከፍል መሆኑን ስለ ዝናብ በማውራት ሊያሳውቅ ይችላል። የሚነገረውና የሚታሰበው ሲለያዩ አንባቢ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በራሱ ይሞላል፤ በሞላ ቁጥርም ከገጸ ባሕርዩ ጋር ይተዋወቃል። ስሜቱን ሁሉ በቀጥታ የሚናገር ገጸ ባሕርይ ግን ለአንባቢ የሚተውለት ሥራ ስለሌለ ቶሎ ይሰለቻል።

ልደታ ላይ ቆማ የምትመርጥ ሴት

እነዚህ መርሆች በተግባር እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት አንድ ምናባዊ ገጸ ባሕርይን ከመነሻዋ ማነጽ ይጠቅማል። መቼት፣ ማለትም ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ፣ የአዲስ አበባዋ ልደታ ይሁን። አካባቢው ለልቦለድ የተመቸ የሚሆነው ብዙ ዓይነት ግዴታዎች በአንድ ሠፈር ስለሚገናኙበት ነው። ስሙን የሰጠችው የልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን ልደት ሲከበር ጎረቤት ከደጅ ወጥቶ ንፍሮና ዳቦ ይካፈላል። ሰው ሁሉ ልደታ ፍርድ ቤት እያለ የሚጠራው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ችሎትም እዚያው ነው። የቆዩ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተነሥተዋል፤ ከ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮም የከተማው ቀላል ባቡር በዚያ ያልፋል። በአንድ ግቢ ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ሰዎች ግማሾቹ ፎቅ ላይ፣ ግማሾቹ ወደ ከተማው ዳር ተበትነዋል፤ ማኅበሩና እድሩ ግን አሁንም ያገናኛቸዋል።

በዚህ ሠፈር የኖረች አንዲት ባልቴት ትታሰብ። የምትፈልገው የቀራትን ዕድሜ ተከብራ መኖር ነው፤ የጽዋ ማኅበሩ እናት ናት፣ የተጣላ ታስታርቃለች፣ ምስጢር አታወጣም። ማሰሪያዋም ከዚሁ ይወለዳል፤ ጨዋ ሰው ነገር አያወጣም የሚለው እምነቷ መከበሪያዋ ብቻ ሳይሆን ብዙ በደል በዝምታ ያለፈችበት መሸሸጊያዋ ነው። ግጭቱ የሚመጣው የረጅም ዘመን ጎረቤቷ ስትሞት ነው። ሟቿ ቤቷን ላሳደገቻት ልጅ ተናዛለች፤ ኑዛዜው በሕጉ መሠረት በአራት ምስክሮች ፊት ሲነበብ ከአራቱ አንዷ ባልቴቷ ነበረች። የሟቿ ልጅ ግን እናቴ በዚያን ጊዜ አእምሮዋን ስታ ነበር ብሎ ይከሳል። ይህ ሰው የባልቴቷ የክርስትና ልጅ ነው፤ የመድኃኒቷንም ወጪ የሚችለው እሱ ነው።

ደራሲው እዚህ ሲደርስ ሁለት ፈተናዎች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው ልጁን ጨካኝ፣ ማደጎዋን ልጅ ደግሞ መልአክ አድርጎ መሣል ነው፤ እንዲህ ከሆነ ባልቴቷ የምትመርጠው ነገር አይኖርም፤ የሚቀራት መታዘዝ ብቻ ነው። ልጁ እናቱን በሕመሟ ያስታመመ፣ ቤቱም በእርግጥ ለልጆቹ የሚያስፈልገው ሰው ከሆነ፣ ልጅቷም አንዳንድ ጊዜ አፏ የማይጨበጥ ከሆነች ምርጫው ይከብዳል። ሁለተኛው ፈተና ለውጡን በአንድ ሌሊት ማምጣት ነው። ባልቴቷ ያልታሰበ ሕልም አይታ በማግሥቱ ደፋር ብትሆን አንባቢ አያምናትም። አስቀድማ ትናንሽ ምርጫዎች ማድረግ አለባት፤ መጥሪያው ሲደርሳት አመመኝ ብላ ትቀራለች፤ በግንቦት ልደታ ንፍሮው ሲታደል ልጅቷን ከሰዎች መካከል አይታ እንዳላየች ታልፋለች፤ ስለ ጉዳዩ በነገር የተጠየቀችውንም በምርቃት ታድበሰብሳለች። እያንዳንዷ ትንሽ ሽሽት ለጊዜው ሰላም ትሰጣታለች፣ ነገር ግን ቀጣዩን ምርጫ ታከብድባታለች።

ወሳኙ ጊዜ በችሎት ፊት ምላ ስትቆም ነው። ብትመሰክር የክርስትና ልጇን፣ መድኃኒቷንና የማኅበሩን ሰላም ታጣለች፤ ብትዋሽ ወይም አላስታውስም ብትል ሰው ሁሉ እንደ ቀድሞው ያከብራታል፤ የሚከበረው ግን ዝምታዋ መሆኑን ከእንግዲህ ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። ሁለቱም መልሶች ጥሩ ልቦለድ ሊሆኑ ይችላሉ። ከመሰከረች የሰብለ ወንጌል ዓይነት ጉዞ ይሆናል፤ ካልመሰከረች የፊታውራሪ መሸሻ ዓይነት፣ ራሷን በራሷ ጠባይ የምታጣበት ጉዞ ነው። ደራሲው ሊያደርገው የማይገባው ነገር ቢኖር ከመሰከረች በኋላ ልጁ ይቅር ብሏት፣ ማኅበሩ አመስግኗት፣ መድኃኒቱም እንደ ቀድሞው እየተገዛላት እንድትኖር ማድረግ ነው፤ ዋጋው ከተመለሰላት ምርጫው ምርጫ አልነበረም።

ከእውነተኛ ሰው እስከ ፈጠራ ሰው

ብዙ ጸሐፊዎች ገጸ ባሕርይ የሚያገኙት ከሚያውቋቸው ሰዎች ነው። በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. ባሳተመው «ደራሲው» ውስጥ ያለውን ሲራክ ብዙ አንባቢዎች ከደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ጋር ያያይዙታል። ሆኖም ልቦለዱ የቆመው ሲራክ ማንን እንደሚመስል በማወቅ ላይ አይደለም፤ ስብሐትን ፈጽሞ የማያውቅ አንባቢም በድህነትና በጥበብ መካከል የሚዋልል ደራሲ ያገኝበታል። ከእውነተኛ ሰው የሚወሰደው መልክና ልማድ የመነሻ ቁሳቁስ ብቻ ነው፤ ፍላጎቱንና ማሰሪያውን አጥብቦ፣ የተበታተነውን ሕይወት ወደ አንድ ወሳኝ ምርጫ የሚሰበስበው የደራሲው እጅ ነው።

ይህ በታሪካዊ ልቦለድ ላይ ይበልጥ ይታያል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን እንደገደሉ ሁሉም አንባቢ ያውቃል፤ መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ደግሞ ጉጉትን በመጨረሻው ላይ ሊያንጠለጥል አይችልም። ሆኖም ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. በ«አንድ ለናቱ» ወደ እኚሁ ንጉሥ ተመልሰዋል። ሁለት ደራሲያን በአንድ ሰው ሁለት መጻሕፍት መጻፍ የቻሉት ታሪክ ንጉሡ የሠሩትን ድርጊት ስለሚናገር፣ ልቦለድ ግን ከድርጊቱ በፊት በልባቸው የተካሄደውን ሙግት ስለሚፈልግ ነው። አገርን አንድ የማድረግ ሕልምና ሕልሙን ለማስፈጸም የተመረጠው ጭካኔ በአንድ ሰው ውስጥ መገናኘታቸው የማይነጥፍ የገጸ ባሕርይ ምንጭ ሆኗል።

የእርማት ጥያቄዎች

ጠባይ፣ ምርጫና ዋጋ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ሁሉም ተሟልተው አይገኙም፤ ብዙ ጊዜ የሚወጡት በእርማት ነው። ረቂቁን የጨረሰ ጸሐፊ እያንዳንዱን ምዕራፍ ለብቻው ይዞ ዋናው ገጸ ባሕርይ እዚህ ምን ወሰነ፣ ምንስ አጣበት ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ነገር ይገለጥለታል። መልስ የማይገኝላቸው ምዕራፎች ብዙውን ጊዜ ገለጻ፣ የሕይወት ታሪክ ወይም የደራሲው አስተያየት የሞላባቸው ናቸው፤ ወይ መቀነስ ወይ ውሳኔ መውለድ ይኖርባቸዋል። ቀጥሎ ደግሞ ባላንጣው፣ ማለትም ከዋናው ገጸ ባሕርይ በተቃራኒ የቆመው ሰው፣ ታሪኩን በራሱ አንደበት ቢተርከው ራሱን ትክክል የሚያደርግበት በቂ ምክንያት አለው ወይ የሚለው ይጠየቃል፤ ከሌለው ግጭቱ ገና አልበሰለም ማለት ነው። በመጨረሻም የመጀመሪያውና የመጨረሻው ምዕራፍ ጎን ለጎን ይነበባሉ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ያለው ሰው የመጨረሻውን ውሳኔ ወዲያውኑ ሊወስን ይችል ከነበረ በመካከል ያለው ሁሉ ጉዞ አልነበረም፤ ሊወስን የማይችል ከነበረና አሁን ከቻለ ግን የቻለበት ምክንያት በየገጹ ተዘርግቶ መታየት አለበት፤ አንባቢ ያንን ምክንያት ራሱ ተከታትሎ ካገኘው ለገጸ ባሕርዩ ጠበቃ አያስፈልገውም።